ሌባው የጎረቤት ልጅ ነው ወይስ ራውተሩ?

ለዚህ አምድ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የፍቅር ናቸው። ከዳኝ፣ ከዳችኝ፣ እናቱ አልወደደችኝም፣ ስልኬን አታነሳም... የዛሬዋም ጸሐፊ «ያመንኩት ሰው ጉድ ሠራኝ» ብላ ስትጀምር የተለመደው ነገር መስሎኝ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ ግን «ዋይፋይ» የሚል ቃል ገጠመኝ። እንዴ! ብዬ ቀና አልኩ። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ላቅርበው።

«ውድ የአምዱ አዘጋጅ፤ ዕድሜዬ 26 ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከእናቴና ከታላቅ ወንድሜ ጋር እኖራለሁ። ፌስቡክ ላይ ገጽ ከፍቼ ልብስ እሸጣለሁ፤ መተዳደሪያዬ እሱ ነው። ፊት ለፊታችን ኮምፒዩተር የሚማር ልጅ አለ። እናቱን እትዬ እያልኩ ነው ያደግሁት። የኢንተርኔቱን ሒሳብ እኩል እየተካፈልን የዋይፋያችንን ፓስዎርድ ሰጥቼው ነበር። ከሁለት ወር በፊት ሁልጊዜ የማነበውን አንድ የዜና ገጽ ልከፍት ስል በምትኩ ፌስቡክን የሚመስል ገጽ መጣና ‹ገጽዎ ሊዘጋ ነው፣ እንደገና ይግቡ› አለኝ። ደንግጬ ፓስዎርዴን ሞላሁ። በማግስቱ ገጼ የእኔ አልነበረም። በስሜ ‹ቀብድ ላኩ› እየተባለ ለደንበኞቼ ተጻፈ፤ ሦስቱ ልከዋል። ወንድሜ ‹ፓስዎርዱ ያለው ማን ነው? ኮምፒዩተር የሚያውቀውስ ማን ነው?› አለና ልጁን ደረጃ ላይ ጠብቆ አነቀው። ልጁ እያለቀሰ ‹የእኔም ኢንስታግራም በዚያው ሳምንት ተወስዷል› አለ። ማን ይመነው! አሁን እናቴና እናቱ ቡና መጠራራት ትተዋል። ብሎኩ በሙሉ ሌባ ይለዋል። ልክሰሰው ወይስ ልተወው? ስሜ በእናንተ ዘንድ ይቆይልኝ።»

እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ። እኔም ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ የጠረጠርኩት ልጁን ነው። ፓስዎርድ አለው፣ ኮምፒዩተር ያውቃል፣ ቅርብ ነው... ሌላ ምን ቀረ? አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ሌባ ጎረቤት ገጽሽን ይሰርቅ ይሆናል፤ የራሱን ለምን ያጣል? ወንድምሽ «ለማስመሰል ነው» ብሎ ያለፈው ነገር እኔን አላሳልፍ አለኝ። ስለዚህ መልሼ ጻፍኩላት። ራውተሩን ከየት ገዛሽው? ስንት ጊዜው ነው? የውስጡን ገጽ ከፍተሽ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ አልኳት።

መልሱ መጣ። ራውተሩ ያገለገለ ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት መርካቶ በርካሽ ተገዝቷል። «ገመዱን ሰካሁት፣ ሠራልኝ፣ ከዚያ ወዲህ ነክቼው አላውቅም» ትላለች። (አትፈሩ፣ እኔም የራሴን ራውተር ለአራት ዓመት አቧራ ከመጥረግ በስተቀር ነክቼው አላውቅም ነበር።) የማን ፋብሪካ ሥራ እንደሆነ እዚህ አልናገርም፤ ፎቶዎቹን ግን ሰፈራችን ላለ አንድ የኮምፒዩተር ጠጋኝ አሳየሁት። ሻዩን አስቀመጠና አንድ በአንድ አያቸው። «እዚህ ቤት በሩም መስኮቱም ክፍት ነው» አለኝ።

ምን አየ? አንደኛ፣ የራውተሩ የአስተዳዳሪ ስምና ፓስዎርድ ሁለቱም ከፋብሪካ እንደመጡ «አድሚን» ናቸው። ሁለተኛ፣ ከውጭ በኢንተርኔት እንዲያዝ የሚያደርገው «ሪሞት ማኔጅመንት» የሚሉት በር ክፍት ነው። ሦስተኛ፣ በውስጡ ያለው ፕሮግራም፣ ፈርምዌር የሚባለው፣ የ2012 ነው። አራተኛውና ዋናው፣ «ዲኤንኤስ» የሚለው ቦታ ላይ ሁለት ባዕድ ቁጥሮች በእጅ ተሞልተዋል። እሷ አልሞላችውም። ዲኤንኤስ የሚባለውን ትርጉሙን እንኳ አታውቅም።

ዲኤንኤስ ማለት መንገድ ጠቋሚ ነው። ስልካችሁ ላይ የአንድን ገጽ ስም ስትጽፉ ስልኩ ራሱ ገጹ የት እንዳለ አያውቅም፤ «ይህ ስም የሚገኘው በስንት ቁጥር ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የሚጠየቀውን ሰው ደግሞ የሚመርጥለት ራውተሩ ነው። መንገድ ጠቋሚው የተገዛ ሰው ከሆነ ገበያ ለመሄድ ጠይቃችሁ ሌቦቹ ደጃፍ ትደርሳላችሁ። ፌስቡክን የመሰለ ትልቅ ገጽ ቁልፍ ምልክት ስላለው በራሱ ስም አስመስሎ መምጣት ዛሬ ከባድ ነው፤ ብራውዘሩ ይጮኻል። ስለዚህ ምን ያደርጋሉ? ቁልፍ የሌለውን፣ የማይጠረጠረውን ገጽ ይጠብቁና ከዚያ ላይ ወደ ሐሰተኛው ይገፏችኋል። የእህታችን የዜና ገጽ ጉዳይ ይህን ነው የሚመስለው። በዚያ ዋይፋይ የተጠቀመ ሁሉ ደግሞ የሚጠይቀው ያንኑ ጠቋሚ ነው። የጎረቤት ልጅም ጭምር!

እንዲህ ያለው ነገር እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 ቲም ሲምሩ የተባለው የአሜሪካ የደኅንነት ድርጅት ዲኤንኤሳቸው የተቀየረባቸው ከ300,000 በላይ የቤትና የትንንሽ ቢሮ ራውተሮች ማግኘቱን ይፋ አድርጓል። ባለቤቶቹ አንዳቸውም ጎረቤታቸውን አንቀው ከሆነ አልሰማሁም።

ታዲያ ቁጥሩን ማን ቀየረው? ሦስት መንገድ አለ። ዋይፋዩ ውስጥ ያለ ሰው «አድሚን» ብሎ ገብቶ ሊሆን ይችላል። መርካቶ ከመድረሱ በፊት የነበረው ባለቤት ጋ ሳለ ተቀይሮ እንዲያው ተሸጦላት ሊሆን ይችላል። ወይም ከባሕር ማዶ፣ ፊቷንም ስሟንም የማያውቅ ሰው በፈርምዌሩ ቀዳዳ ገብቶ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያውን ሰው ሁሉ ያስበዋል። ሦስተኛውን ግን ስነግራቸው «ፓስዎርድ ሳይኖረው እንዴት ይገባል?» የማይለኝ የለም። የዛሬውን አምድ የምጽፈውም ለዚህ ጥያቄ ነው።

ራውተር ኮምፒዩተር ነው። አንቴና ያለው ሣጥን ስለሆነ እንደ ሬዲዮ እናየዋለን እንጂ የራሱ ሜሞሪ፣ የራሱ ፕሮግራም አለው። ፕሮግራሙ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሲቀበል ሜሞሪው ላይ ቦታ ይለይለታል፤ ለስም ይህን ያህል ፊደል፣ ለፓስዎርድ ይህን ያህል። የመጣው ነገር ከተለየለት ቦታ ቢበልጥና ፕሮግራመሩ «ልኩን እይ» የሚል ትእዛዝ ሳይጽፍ ቢቀር፣ ትርፉ ወደ ጎን ይፈሳል። ባለሙያዎቹ «ባፈር ኦቨርፍሎው» ይሉታል፤ የሜሞሪ መጥለቅለቅ እንበለው። ሲኒ ሞልቶ ቢፈስ ረከቦቱን ያበላሻል፣ በጨርቅ ይጠረጋል። እዚህ ግን ከሲኒው አጠገብ ያለው ሌላ ማስታወሻ ነው። አንዳንዴም «ቀጥሎ ምን ልሥራ» የሚለው ትእዛዝ ራሱ እዚያ ተጽፏል። የፈሰሰው ነገር በዚያ ላይ ይጻፍበታል።

አሁንም ካልገባችሁ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ያለ ጥበቃን አስቡ። ስትገቡ መታወቂያችሁን ይቀበልና አሥር ኪስ ባለው ሣጥን ውስጥ ያኖረዋል፤ ኪሶቹ ከ0 እስከ 9 ተቆጥረዋል። አንድ ተንኮለኛ ይመጣና አንድ ወረቀት ሰጥቶ «የእኔን 14ኛው ውስጥ አድርግልኝ» ይለዋል። ነቃ ያለ ጥበቃ «14 የሚባል ኪስ የለም፣ ሂድ ወዲያ!» ይላል። የኛው ግን ቀና ብሎ አያይም። 9፣ 10፣ 11 እያለ በጣቱ ይለካል፤ ሣጥኑ ካለቀ በኋላም መለካቱን አይተውም፤ 14 ሲል ጠረጴዛው ላይ ደርሷል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ አለቃው «ያለ ፈቃድ ማንም እንዳይገባ» ብሎ የጻፈለት ትእዛዝ አለ። የተንኮለኛው ወረቀት ልክ በላዩ ላይ ያርፋል። ምን የሚል ወረቀት? «የመጣ ሁሉ ይግባ» የሚል! ጥበቃው ዞር ብሎ ትእዛዙን ያነብና በሩን ይከፍታል። ቁልፍ አልተሰረቀም፣ አጥር አልተዘለለም። ፓስዎርድም አላስፈለገም።

ይህን ምሳሌ ከራሴ አፍልቄው እንዳይመስላችሁ፤ በተግባር የሆነ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 ቼክ ፖይንት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ አንድ ቀዳዳ ይፋ አደረገ። ሻሃር ታልና ሊዮር ኦፐንሃይም የተባሉ ተመራማሪዎቹም በዚያው ወር ሀምቡርግ በተካሄደው የሀከሮች ጉባኤ ላይ አብራሩት። ነገሩ ያለው «ሮምፔጀር» በሚባል ትንሽ ፕሮግራም ውስጥ ነው፤ የራውተሩን የማስተካከያ ገጽ የሚያቀርብልን እሱ ነው። አንድ ገጽ ለብራውዘራችሁ የሚሰጠውን አጭር ማስታወሻ «ኩኪ» ይሉታል። ሮምፔጀር ለኩኪ አሥር ቦታ ነበረው፤ እያንዳንዱ 40 ባይት ይይዛል፤ ስማቸው ከ«ሲ0» እስከ «ሲ9»። ከ«ሲ» ኋላ ያለው ቁጥር ከ9 ይብለጥ አይብለጥ የሚያይ ግን አልነበረም። ልክ እንደ ጥበቃችን! የማይገባ ቁጥር የላከ ሰው ከሣጥኑ ውጭ፣ የፈለገው ቦታ ላይ ይጽፍና የአስተዳዳሪው ገጽ ወለል ብሎ ይከፈትለታል።

አሜሪካ ያሉ የቻይና ምግብ ቤቶች ከምግብ በኋላ ዕድል የሚናገር ወረቀት ያለበት ኩኪ ይሰጣሉ አይደል? ተመራማሪዎቹ ያንን ገልብጠው ቀዳዳውን «ሚስፎርቹን ኩኪ»፣ የመከራ ኩኪ አሉት። በ189 አገሮች ቢያንስ 12 ሚሊዮን መሣሪያዎች ለዚህ ተጋልጠው እንዳገኙ ተናገሩ። ዲሊንክ፣ ቲፒሊንክ፣ ሁዋዌ፣ ዜድቲኢ፣ ዛይክሰል... በየቤቱ የምናውቃቸው ስሞች ዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ።

እኔን ያናደደኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። ሮምፔጀርን የሠራው አሌግሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይህን ስሕተት ያረመው በ2005 ነው! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መድኃኒቱ ነበረ። ከ4.34 ጀምሮ ያለው ቅጂ ጤነኛ ነው። በየቤቱ የተገኘው ግን አብዛኛው 4.07 የሚባለው፣ በ2002 የወጣው ቅጂ ነበር። እንዴት ቢሉ፤ አሌግሮ ፕሮግራሙን ለአምራቾች ይሸጣል። ቺፕ ሠሪው አሮጌውን ቅጂ ከቺፑ ጋር አብሮ ይሰጣል፣ ራውተር ሠሪው እንዳለ ይወስደዋል፣ ነጋዴው ያስመጣዋል፣ እኛ እንገዛዋለን። ሁሉም «ይሠራል አይደል?» ይላል። ይሠራል እኮ! ቀዳዳ ያለው ራውተርና ቀዳዳ የሌለው ራውተር ፊልም ሲያሳዩ አንድ ናቸው። ስልካችን ቀን ከሌት «አፕዴት አድርገኝ» እያለ ይነዘንዘናል፤ አሮጌ ራውተር ግን ጨዋ ነው፣ ምንም አይልም።

«ያ የድሮ ነው፣ የርካሽ ዕቃ ነው» የምትሉ እንዳላችሁ ገብቶኛል። እሺ፣ ወደ 2020 እንምጣ። ኔትጊር የታወቀ የአሜሪካ ስም ነው፤ ራውተሮቹም ርካሽ አይደሉም። በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ በ79 ሞዴሎቹ ውስጥ ይኸው የመጥለቅለቅ ቀዳዳ መኖሩ ተነገረ። የሚገርመው ቦታው ነው፤ አዲስ ፈርምዌር ሲመጣ ፋይሉን የሚመረምረው ክፍል ውስጥ! ፋይሉ «መግቢያዬ ይህን ያህል ይረዝማል» ሲል ፕሮግራሙ አምኖ፣ ሳይለካ ይገለብጥ ነበር። ከተመራማሪዎቹ አንዱ ወደ ኋላ እየቆፈረ ሲሄድ ስሕተቱን በ2007 በወጣ ሞዴል ውስጥ አገኘው። ከልጅ ወደ ልጅ የወረደ ማለት ነው።

ወደ ደብዳቤው ልመለስ። እህቴ፣ የአንቺ ራውተር በየትኛው መንገድ እንደተነካ ከፎቶ ላይ ሆኜ መፍረድ አልችልም። ልጁ ንጹሕ ነው ብዬም ልማልልሽ አልችልም። ነገር ግን ወንድምሽ ያነቀው በምን ማስረጃ ነው? ፓስዎርድ ስላለው? በሪሞት ማኔጅመንት ክፍት፣ በ«አድሚን» የሚገባበት፣ በ2012 ፈርምዌር የሚሄድ ሣጥን የመላው ዓለም ጎረቤት ነው። ደግሞ አንድ ጥያቄ ጠይቄሽ የመለስሽልኝ መልስ ከፎቶዎቹ ሁሉ በለጠብኝ። ሦስቱ ደንበኞችሽ ቀብዱን የላኩት ወደ ማን ሒሳብ ነው? «የማላውቀው ሰው ስም ነው» አልሽኝ። ታዲያ ያ የሒሳብ ቁጥር ስም አለው፣ ባንክ አለው! ፖሊስ ዘንድ የምትሄጂ ከሆነ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስጠይቅ ጉዳይ ነው። የምትይዢው ግን የሒሳብ ቁጥሩን፣ የመልእክቶቹን ፎቶና የራውተሩን ፎቶ ነው። የልጁን ስም ምን ብለሽ ትሰጫለሽ?

አሁን ወደ ሥራው። ሌሎቻችሁም አብራችሁ ስሙ፤ ቅዳሜ ከሰዓት የሚበቃ ሥራ ነው። መጀመሪያ የምትነኩት ራውተሩን አይደለም። ሌላ መስመር ላይ ሆናችሁ፣ ማለትም ዋይፋዩን ዘግታችሁ በሞባይል ዳታ፣ የኢሜይላችሁን፣ የፌስቡካችሁን፣ የባንካችሁን ፓስዎርድ ቀይሩ፤ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀውንም አብሩት። በተጠረጠረው ዋይፋይ ላይ ሆኖ ፓስዎርድ መቀየር ሌባው ፊት ገንዘብ መቁጠር ነው።

ከዚያ ራውተሩን ገልብጡት። ሆዱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ሞዴሉና የመግቢያ ቁጥሩ አለ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። ይህን ብራውዘር ላይ ስትጽፉ የማስተካከያው ገጽ ይመጣል። የፈርምዌሩን ቀንና ቁጥር ጻፉ። ከዚያ አሁንም በሞባይል ዳታ የአምራቹን የራሱን ገጽ ከፍታችሁ ለሞዴላችሁ አዲስ ፈርምዌር ካለ አውርዱ። ለምን በሞባይል ዳታ? መንገድ ጠቋሚው ከተገዛ «መድኃኒት ቤቱ የት ነው?» ብሎ እሱን መጠየቅ ስለማይሆን! ሞዴሉ ጎን «ቪ1»፣ «ቪ2» የሚል ነገር ካለ ልብ በሉ፤ የአንዱን ለሌላው ብትጭኑ ሣጥኑ ይሞታል። ሲጭን መብራት ከሄደም ይሞታል። ስለዚህ መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ቀን አትንኩት፤ ዩፒኤስ ያለው ዘመድ ካላችሁ ዛሬ ነው ዘመድነቱ። በዋይፋይ ሳይሆን በገመድ አድርጉት።

ፈርምዌሩን ብቻ ማደስ ግን የተቀየረውን ዲኤንኤስ ላያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ከኋላ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ተጭናችሁ «ሪሴት» ማድረግ አለባችሁ። እዚህ ላይ ስንቱ ሰው ነው የሚያለቅሰው! ኢንተርኔት አቅራቢው የሰጣችሁ የመገናኛ ስምና ፓስዎርድ አብሮ ይጠፋል። ቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ከሌላችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ሪሴቱ ካለቀ በኋላ የአስተዳዳሪውን ፓስዎርድ ቀይሩ። የዋይፋዩን አላልኩም፣ የአስተዳዳሪውን! ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ ብዙ ሰው የዋይፋዩን በየወሩ እየቀየረ የአስተዳዳሪውን «አድሚን» ብሎ ይተወዋል። ሪሞት ማኔጅመንት፣ ደብሊውፒኤስና ዩፒኤንፒ የሚሉትን ዝጉ። ዲኤንኤሱ ላይ ያለውን ቁጥር እዩ። ኢንተርኔት አቅራቢያችሁ ከሚሰጠው፣ ወይም እያወቃችሁ ከሞላችሁት ለምሳሌ ከጎግሉ 8.8.8.8 ውጭ የሆነ ነገር ካለ ጠርጥሩ።

አንድ የማያስደስት ነገር አለ። አንዳንዱ ራውተር የእናንተን በር ብትዘጉም ኢንተርኔት አቅራቢው ራውተሩን ከሩቅ የሚያስተካክልበት 7547 የሚባል ሌላ በር አለው፤ እሱን ከገጹ ላይ መዝጋት ላይቻል ይችላል። በመከራ ኩኪው ጊዜ አብዛኞቹ የተጋለጡት በዚያ በኩል ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 መጨረሻ ጀርመን ውስጥ የዶቼ ቴሌኮም 900,000 ያህል ደንበኞች ኢንተርኔት የተቋረጠባቸውም በዚያው በር በተደረገ ጥቃት ነው፤ የዚያኛው ቀዳዳ ሌላ ዓይነት ቢሆንም። ራውተሩ ከአቅራቢያችሁ የተሰጣችሁ ከሆነ ደውሉና «የሞዴሌ ፈርምዌር የታደሰው መቼ ነው?» በሏቸው። የስልኩ ጥበቃ ረጅም ነው፣ ግን ጠይቁ።

«አጥፍቼ ባበራውስ?» የሚል ጥያቄም ይደርሰኛል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ቪፒኤንፊልተር የተባለው ተባይ በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 መሣሪያ ውስጥ ሲገኝ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ራሱ «ራውተራችሁን አጥፍታችሁ አብሩ» ብሎ ነበር። ሜሞሪው ላይ ያለው ክፍል በዚህ ይጠፋል። ሥር የሰደደው ክፍል ግን አይጠፋም፤ ቀዳዳውም ባለበት ነው። ቤት ውስጥ የገባውን ሰው አስወጥቶ በሩን ሳይዘጉ መተኛት ነው።

አምራቹ ለሞዴላችሁ አዲስ ፈርምዌር ማውጣት ካቆመስ? እዚህ ላይ ክፉ መካሪ እሆናለሁ። ጣሉት። ለሌላ ሰው አትሽጡት፣ ለዘመድም አትስጡት። የእህታችን ራውተር ከ2012 ወዲህ የወጣለት ነገር የለም፤ ስለዚህ ለእሷ ከላይ ያለው ልፋት አያስፈልጋትም። አዲስ ትግዛ። ስትገዙ ነጋዴውን «ስንት ሜጋ ነው?» ብቻ አትበሉት፤ ሞዴሉን ስልካችሁ ላይ ፈልጉና የመጨረሻው ፈርምዌር የወጣው መቼ እንደሆነ እዩ። ሦስት፣ አራት ዓመት ካለፈው፣ ዕቃው በካርቶን የታሸገ ቢሆንም አሮጌ ነው። ከጎረቤት ጋር የምትካፈሉ ከሆነ ደግሞ «ጌስት ኔትወርክ» የሚባል፣ የእንግዳ መግቢያ አለ። የራሱ ፓስዎርድ ያለው፣ ወደ ማስተካከያው ገጽ የማያስገባ ነው። ቢኖራት ኖሮ ወንድሟ ደረጃ ላይ ባልቆመ ነበር።

ይህን ለኅትመት ከመላኬ በፊት ደወልኩላት። አዲስ ራውተር ገዝታለች። ፖሊስ የሒሳብ ቁጥሩን ተቀብሏታል፤ የልጁን ስም አልሰጠችም። ፎቶዎቹን ይዛ ፊት ለፊት ሄዳ ነበር፤ በሩን የከፈቱት እናቱ ናቸው። «እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለቻቸው። «እነግረዋለሁ» አሏትና ግቢ ሳይሏት ቀሩ። ወንድሟ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ማንም ቢሆን እሱን ነበር የሚጠረጥር» ብሎ ኩርፊያ ላይ ነው።

የእንግዳውን መግቢያ ከፍታ ፓስዎርዱን በወረቀት ጽፋ በልጁ በር ሥር አስገብታለታለች። በዋይፋዩ የገባውን ሰው ዝርዝር የት እንደሚያዩ እኔ ነኝ የነገርኳት፤ በየማታው ከፍታ ታያለች። እስካሁን ባዶ ነው አለችኝ።